መምህር አለበልና ጭብጥ ያልተገኘለት ጉማሬ

መምህር አለበል ዐርፈዋል። ወረታ ላይ ባዮሎጂ ያስተማሯችሁ፣ በፎገራ ሜዳ የጉማሬ ዱካ ሲከተሉ ያያችኋቸው፣ በሩዝ ማሳችሁ ጠርዝ ቆመው ሲጠይቋችሁ ያመሻችሁ ሁሉ መርዶው ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ያልደረሳችሁ ካላችሁ ከእኔ ስለሰማችሁት ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መርዶ መንገር አላውቅበትም። ያረፉት ክረምቱ በርትቶ፣ ሜዳው ውሃ ለብሶ ሳለ ነው። ሕመማቸው አጭር ነበር። ሐኪሞቹ ለሕመሙ ስም ሰጥተውት ነበር፣ እኔ ግን ስሙን መያዝ አልቻልኩም።

ለእኔ የነገሩኝ አቶ ሰይድ ናቸው። አቶ ሰይድ በወረታ ገበያ አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አላቸው። ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም እሳቸው ዘንድ ስለሚገኝ፣ መምህርና እኔ ጥናታችንን ለውጭ አገር የሳይንስ መጽሔት የምንልከው ከዚያ ነበር። ያን ቀን ስልኬ ሲጠራና ስማቸውን ሳይ ከመጽሔቱ መልእክት የመጣ መሰለኝ። ሰላምታም ሳላስቀድም «የመጨረሻውን ቅጂ ላኩ አሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ መምህር ዐረፉ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየውና ጽሑፋቸው ተደባልቀውብኛል። ስለ አንዱ ላስብ ስል ሌላው ይመጣብኛል። ይህንን መታሰቢያ ስጀምርም ስለ እሳቸው ልጻፍ ወይስ ስለ ጥናታቸው ለይቼ አላወቅሁም። ግራ ገብቶኛል፤ እንደገባኝ እጽፈዋለሁ።

መምህር ተወልደው ያደጉት በአንበሳሜ በኩል ነው። ወረታ የመጡት ገና በወጣትነታቸው ለማስተማር ተመድበው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወደ ትልልቅ ከተሞች የመዛወር ዕድል በመጣላቸው ቁጥር እምቢ አሉ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «ጉማሬዎቹን ለማን ትቼ?» ይሉናል። እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው አይስቁም።

የሜዳውን ሰው አላስተምረውም፣ የሩቁ አንባቢ ግን ይወቀው። ጉማራና ርብ የሚባሉት ወንዞች ወደ ጣና በሚገቡበት ግድም ጉማሬዎች አሉ። ቀን ውሃ ውስጥ ውለው ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣሉ። ድሮ የሚግጡት ሣር ነበር፤ ሜዳው በሩዝ ሲሸፈን ሩዙን ለመዱ። መምህር ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነው። በየት በኩል ወጡ፣ ምን በሉ፣ ምኑን ረግጠው ትተውት ሄዱ፣ ባለ ማሳውስ ምን አደረገ? ጠዋት ቦቲያቸውን አጥልቀው፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው በማሳዎቹ ድንበር ሲጓዙ ከሩቅ ይለዩ ነበር። ዱካ ሲያገኙ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ከጎኑ ያሳርፋሉ፤ ከዚያ ማንም ቢጠራቸው አይሰሙም።

አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ክፍል ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ሲፈቱት የጉማሬ እበት ነው። የፊት ረድፍ ተማሪዎች አፍንጫችንን ይዘን ወደ ኋላ ሸሸን። እሳቸው ግን እርጋታቸውን ሳይለቁ «ይህ ትናንት የአንድ ሰው ሩዝ ነበር። የማን እንደነበር ሳታስቡ እንዳትመረምሩት» አሉን። ዛሬ እኔም በዚያው ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እበቱን ይዤ ለመግባት እስካሁን ድፍረቱን አላገኘሁም፤ ንግግራቸውን ግን በየዓመቱ እደግመዋለሁ።

ደግነታቸውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ እኔ የደረሰብኝን ብቻ ልናገር። ተማሪ ሳለሁ አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባና ርብ ሞልቶ ወጣ። መንደራችን በውሃ ተከበበ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነገ ነው፤ አባቴ «በቃ፣ ለከርሞ ነው» ብሎኝ፣ እኔም አልቅሼ ወጥቶልኝ ተቀምጫለሁ። በዚያ መሐል አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳ እየቀዘፈ ብቅ አለ። መምህር ከፊቱ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

አባቴ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተቀበላቸው። «መምህር፣ በዚህ ውሃ? ምነው፣ ምን ነካዎት?» አላቸው።

«አንድ ተማሪ ጎደለችኝ፤ ልወስዳት ነው የመጣሁት» አሉ።

«ቢገለበጥብዎትስ?»

«ከተገለበጠ ጉማሬዎቹ ያውቁኛል።»

አባቴ መሳቅም መቆጣትም አቃተው። ያን ሌሊት ከመምህር ቤት አድሬ ተፈተንኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናና ልብሴን እሳት ዳር አድርቀው የራሳቸውን ቀሚስ አለበሱኝ። ለእኔ ብቻ የመጡ መስሎኝ ኖሬ፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስንጨዋወት እንዲያ በታንኳ የተወሰደ ሰው እኔ ብቻ አለመሆኔን ሰማሁ።

አሁን ወደ ጽሑፉ ልምጣ፤ ጭንቄ እዚያ ነውና። የሳይንስ መጽሔቶች አንዳንድ ጊዜ ልዩ እትም ያወጣሉ። አንድ ጭብጥ ይመርጡና በዚህ ጉዳይ ጥናት ያላችሁ እስከዚህ ቀን ላኩልን ብለው ጥሪ ያደርጋሉ። ጥናቱ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ከጭብጡ ጋር መግጠም አለበት። መምህር እንዲህ ያለ ጥሪ ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይበራል። «ዝም ብለሽ ስትልኪ ያልተጠራሽበት ድግስ እንደመግባት ነው። ጥሪ ሲወጣ ግን አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ስለ እኛ ሜዳ ጠይቋል ማለት ነው። የጠየቀ ሰው መልስ ማግኘት አለበት» ይሉኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጥሪ በጎርፍ ሜዳዎች ስለሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ነበር። «የእኛን ሰፈር እኮ ነው የጠሩት!» ብለው ከመደብሩ ደጃፍ ጮሁ። የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር አንድ ይላል። መምህር መስከረም አንድ ብለው ያዙት፤ እኔም መስከረም አንድ ብዬ ተስማማሁ። ክረምቱን ሙሉ ስናርም፣ ስናሳጥር፣ ሥዕሎቹን ስናስተካክል ከረምን። ለእነሱም የእንቁጣጣሽ ስጦታ ይሆናቸዋል እየተባባልን በጳጉሜን አቶ ሰይድ ዘንድ ሄድን። መላኪያው ተዘግቷል። ኮምፒውተሩን አጥፍተን አበራነው፤ አሁንም ተዘግቷል።

አቶ ሰይድ ማስታወቂያውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «መምህር፣ ይህ እኮ የፈረንጆቹ ነው። የእነሱ ከገባ ሰነበተ» አሉ።

መምህር ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይህን ሁሉ ዘመን የተማሪ ስሕተት ሳርም ኖሬ!» አሉ። እኔ ማልቀስ ነበር ያማረኝ።

ከመላካቸው በፊት የማይቀር አንድ ልማድ ነበራቸው። የጻፉትን በአማርኛ መልሰው፣ ጥናቱ ለሚመለከታቸው ገበሬዎች ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ነው የሚያነቡት። አንብበው ሲጨርሱ «ምን ትላላችሁ?» ይላሉ። ሰው ተቃወመ እንደሆነ ደስ ይላቸዋል። ዝም ከተባለ ግን ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሱና እንደገና ይጀምራሉ። ፀሐይ ሲበረታ እኔ እቁነጠነጣለሁ፤ «መምህር፣ ዝም ካሉ ተስማምተዋል እኮ» እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ «ዝምታ ስምምነት አይደለም፤ ዝም ካሉ በደንብ አላነበብኩላቸውም ማለት ነው» ይሉኛል።

ሁለተኛው ልዩ እትም በሰውና በአጥቢ እንስሳት ግጭት ላይ ነበር። ጽሑፋችንን ለዚያ አስተካክለን፣ በዚህኛው ጊዜ ቀኑን አቶ ሰይድ ራሳቸው ቆጥረውልን፣ ላክነው። ገምጋሚዎቹ ወደዱት። ግጭቱ ጎላ ብሎ ይታይ፣ ከርዕሱም ይግባ አሉ፤ ሌላው ሁሉ ጥቃቅን ነበር። መምህር እንደተባሉት አረሙትና እሑድ ዋርካው ሥር አነበቡት።

አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አሉ፤ ማሳቸው ከውሃው ዳር ነው። ከመጨረሻው ገጽ ሳይደረስ እጃቸውን አነሡ።

«ግጭት ነው ያሉት መምህር? ተማን ጋር ነው የተጋጨነ?»

«ከጉማሬው ጋር ነዋ፣ አያ ሞላ። የእርስዎስ ማሳ አምና ተበልቶ የለም?»

«ተበልቷል። ሲበላብኝ እጮኽበታለሁ፣ እረግመዋለሁ። የጎረቤቴ በሬ ሲገባብኝም እንደዚያው ነኝ። ያ መንገድ ግን ተአባቴም በፊት የጉማሬ መንገድ ነበር፤ ሩዙን መጥተን እላዩ ላይ የዘራን እኛ ነን። እርስዎ ግጭት ብለው ለፈረንጅ ቢጽፉብን፣ ነገ አስታራቂ ነኝ ባይ ይመጣና ወይ እኛን ያስነሣል ወይ እሱን ይገድላል።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ «እውነት ነው» አለ፣ አንዳንዱ «እርስዎ ጥርስዎ አልቆ ሩዝ ስለማይበሉ ነው» ብሎ ቀለደባቸው። መምህር ግን አልሳቁም። በማግስቱ ጽሑፉን ከመጽሔቱ አስወጡት። «እኔ አላምንም! ተቀብለውን እያለ?» ብዬ መደብሩ ውስጥ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሳቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «ስለ ሰው ጽፈሽ ሰውየው ራሱን ካላገኘበት፣ ስለ ማን ነው የጻፍሽው?» አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁንም ግማሹ ነው የገባኝ።

ዘንድሮ ሦስተኛ ጥሪ መጣ፤ ጭብጡ የሰውና የአጥቢ እንስሳት አብሮ መኖር ነው። መምህር «ይኸውልሽ፣ አያ ሞላን ሰምተውታል!» ብለው ተፍነከነኩ። ርዕሱን ቀየርን፣ መግቢያውን ቀየርን፣ መደምደሚያው ላይ የአያ ሞላን ሐሳብ አስገባን። ላክነው፤ መልሱም ደህና ነበር። የመጨረሻው ቅጂ ብቻ ቀረ። እንደገና ዋርካው ሥር ተሰበሰብን።

በዚህኛው ጊዜ የተናገረችው ወይዘሮ ይታይሽ ናት። ባለቤቷ ሰብል ሲጠብቅ ጉማሬ ጥሎት እግሩ እስከ ዛሬ አልቀናለትም። አልጮኸችም፤ እንዲያውም ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«አብሮ መኖር ማለት እንዴት ያለ ነው መምህር? እሱ በልቶ ይገባል፤ ባሌ በምርኩዝ ተደጃፍ ይቀመጣል፤ ማረሙም መጠበቁም በእኔ ላይ ነው። ይኼ ነው አብሮ መኖር?»

መምህር ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ወደ ወረታ አብረን ተመለስን። ከተማው ሲቃረብ «ሞላ እውነቱን ነው። ይታይሽም እውነቷን ነው። ሁለቱን የሚይዝ ጭብጥ ነው ያጣሁት» አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ታመሙ። ወንዛዬ ወርደው ፍል ውሃ ቢገቡ ይሻላቸዋል ተብሎ ነበር፤ አልደረሱም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ጽሑፉ ያውቃል። ይህ ያስደንቀኛል፤ ወረታ ውስጥ ስለ ሳይንስ መጽሔት ልዩ እትም ድንኳን ሙሉ ሰው የተከራከረበት ሌላ ለቅሶ ያለ አይመስለኝም። አንዱ «እኔ ባለሁበት መምህር ይታተም ብለው ነበር» ይላል። ሌላው «የለም፣ መታተሙ ይቅር ብለዋል» ይላል። የመጽሔቱ አርታኢ ደግሞ የመጨረሻውን ቅጂ እየጠበቀች ነው፤ ቀኑ እየቀረበ ነው። ካልላክሁት የእሳቸው የዘመን ድካም እኔ እጅ ላይ ሊቀር ነው፤ ከላክሁት ደግሞ ይታይሽ ራሷን ያላገኘችበትን ጽሑፍ በእሳቸው ስም መላኬ ነው። ወይዘሮ እናናን ጎናቸው ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ስለ ጽሑፉ ያሉት ነገር አለ?»

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹ለእሷ ተዪላት፣ እሷ ታውቃለች› አሉኝ።»

«እኔ እኮ አላውቅም፣ እትዬ።»

«እሳቸው ታውቃለች ካሉ ታውቂያለሽ» አሉና ለመጣው ለቀስተኛ ቦታ ለመልቀቅ ተነሡ። እኔ እንጃ። የማላውቀውን ታውቃለች ብሎኝ የሞተ ሰው ምን ይደረጋል?

ለአርታኢዋ ያለውን እንዳለ ጻፍኩላት። መምህር ማረፋቸውን፣ ጉማሬያችን ከግጭቱም ከአብሮ መኖሩም እንዳልገጠመ ነገርኳት። በትሕትና አዘነችና እንግዲያው ለመደበኛው እትም ላኩት አለችኝ፤ እዚያ ጭብጥም የለም፣ የመጨረሻ ቀንም የለም። ይህ እኮ ሁልጊዜም ነበረ። መምህርም ያውቁት ነበር። ያልተጠሩበት ድግስ ሆኖባቸው ነው ወይስ ቀን ያልተቆረጠለት ነገር አያልቅም ብለው? ይህንንም አላውቅም።

ከአርባቸው በኋላ በነበረው እሑድ ዋርካው ሥር ቆሜ እኔ አነበብኩ። አያ ሞላ የጉማሬው መንገድ ከሩዙ በፊት የነበረ መሆኑ ይጻፍ አሉ። ይታይሽ የባሏ እግር ይጻፍ አለች። ሁለቱንም አጠገብ ላጠገብ ጻፍኳቸው፤ ከላያቸው ምንም ጭብጥ አልጫንኩም። ርዕሱንም «ጉማሬና ሩዝ በፎገራ ሜዳ» አልኩት። መልሼ ሳነበው አያ ሞላ «እንግዲህ ይሂድ» አሉ፤ ይታይሽ ራሷን ነቀነቀች። ተገላገልኩ ብዬ አቶ ሰይድ ዘንድ ሮጥኩ።

ሁሉንም ሞልቼ ከመጨረሻው ገጽ ስደርስ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። የጽሑፉ ባለቤቶች ሁሉ ይህንን የመጨረሻ ቅጂ አይተው መስማማታቸውን አረጋግጪ ትላለች። መምህር ይህኛውን አላዩትም። የይታይሽ ባል እግር የገባው፣ ርዕሱም የተለወጠው ከሄዱ በኋላ ነው።

አቶ ሰይድ ከጀርባዬ ቆመው አዩኝ። «ምልክት አድርጊና ላኪው እንጂ ልጄ፤ መምህር ምን ይላሉ?» አሉ።

«እሱን አይደል የማላውቀው?» አልኳቸው፤ ሳልልከው በወረቀት አትሜ ይዤው ወጣሁ። ሳጥኗ እስካሁን ባዶ ናት።

መምህር፣ ይኸው መጥቻለሁ። መቃብርዎ ላይ ያለው አፈር ገና አልተጠቀጠቀም፤ ከክረምቱ የተረፈው ሣር ዙሪያውን ወጥቷል። ከዚህ ሆኖ ሜዳው ይታያል፣ ሩዙ አሽቷል፣ ጠባቂዎቹ ማማ እየሠሩ ነው። ተማሪዎችዎ ሁሉ ሰላም ብለውዎታል። እትዬ እናና ደህና ናቸው፤ ጃንጥላዎን ለማንም አልሰጡም፣ በር ጥግ እንደቆመ ነው። እኔን በውሃ ላይ መጥተው ወስደውኛል፤ እኔ ግን እርስዎ ወዳሉበት መምጫ ታንኳ የለኝም። ናፍቀውኛል መምህር። ተቆጥቼዎትማለሁ፤ እሷ ታውቃለች ብለው መሄድ አልነበረብዎትም።

ጽሑፉን ከርዕሱ እስከ መደምደሚያው ጮክ ብዬ አነበብኩልዎት። የሞላንም የይታይሽንም ቦታ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት። «ምን ይላሉ?» ብዬም ጠየቅሁዎት።

ዝም አሉ።

ነፍስዎ በሰላም ትረፍ፣ መምህሬ። እኔ እንደሆነ አልቸኩልም፤ የመጨረሻ ቀን የለውም ተብያለሁ። ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መልሼዋለሁ። እንደገና ላንብብልዎት።